ፍሳሹ በየት ይውረድ?

ጠዋት ለሙከራ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የደፉት ውሃ ማታ ሲመጡም እዚያው ነበር። አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም። ቧንቧ ሠራተኛው እንጨት ሰደው ለኩት፣ እንጨቱን አዩት፣ ከዚያ የቤቱን ባለቤት አዩት። ሰፈርተኛው «ቀስ በቀስ» የሚላቸው በከንቱ አይደለም፤ ክፉ ወሬ እንኳ በአንዴ አይወጣቸውም።

«ይሄ አፈር ውሃ አይጠጣም» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ታች የፍሳሽ ጉድጓድ ብትቆፍር ክረምት ላይ ሞልቶ ይወጣብሃል። ወጥቶስ የት ይሄዳል? የጎረቤትህ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ።»

«ትንሽ ወደ ግራ ብናደርገውስ፣ ጋሼ?»

«አልሸሹም ዞር አሉ!»

ባለቤቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያዞር ይውላል፣ በቀረችው ብርሃን ደግሞ እዚህ ተዳፋት ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያመሻል። ዝሏል። ቤት መሥራት እንዲህ ሰው እንደሚጨርስ የነገረው አልነበረም፤ ቢነግሩትም አይሰማም ነበር። ውሃ እንዲገባለት ደጅ ሲጠና ከርሟል። የገባ ውሃ መውጫ እንደሚፈልግ ግን ለእሱም፣ ለሚስቱም፣ ለግንበኛውም ትዝ አላላቸውም።

ፕላኑን የተዋሱት ከሥራ ባልደረባው ነው። ያ ሰው ሜዳ ላይ ቤት ሠርቶ እናቱን ምድር ቤት አኑሯል። እነሱም እሱን አይተው «እማዬ ደረጃ አትወጣም፣ ምድር ቤት ትሁን» አሉና የሹፌሩን እናት ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ ከሁሉ አስቀድመው ገነቡላት። ተዳፋት ላይ ግን ምድር ቤት ማለት ከመንገድ ቁልቁል የሚወረድበት ነው። መንገዱ የሚገጥመው ከላይኛው ፎቅ ጋር ነው። ይህን እንኳን ሌላው፣ ዕድሜ ልኩን ዳገትና ቁልቁለት ሲነዳ የኖረው እሱ ራሱ አላስተዋለውም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ቀስ በቀስ በእንጨታቸው ወደ ተዳፋቱ ወገብ አመለከቱ። እዚያ አፈሩ ልል ነው፤ የደፉበትን ውሃ እያዩት ጠጥቶታል። ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ሴፕቲክ ታንከር እዚያ ይቀበር፣ ፍሳሹ የሚሰርግበት ቦይም ተዳፋቱን አግድሞ ይቆፈር። የላይኛው ፎቅ ፍሳሽ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። የታችኛው ክፍል ግን ከታንከሩ በታች ስለሆነ ፍሳሹን ፓምፕ እየገፋ ማውጣት አለበት።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ፓምፑ ይቆማላ። ቆሻሻው ወደ መጣበት ይመለሳል።»

የመጣበት ማለት የእማዬ መታጠቢያ ቤት ነው። ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ ሁሉ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነበት።

ሚስቱ «እማዬ ላይ ትሁን፣ እኛ ታች እንውረድ» ብላው ነበር። የላይኛው ክፍል መስኮት ሰፊ ነው። ሚስቱ ከአንድ ጠባብ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትንከራተት ያን መስኮት እያሰበች ነው የቻለችው። ግድግዳው ሳይቆም መጋረጃውን ሰፍታለች። «ላይ ትሁን» ያለችውም ፊቷን አዙራ ነው። ታዲያ እንዴት ብሎ እሺ ይበላት? እናቱንስ እንዴት ብሎ እዚያ ታች ያኑራት? ሲደክመው ጊዜ «በቃ፣ እሷው ትምረጥ» አለና በእረፍቱ ቀን እናቱን ይዟት መጣ።

እናቱ ምራቷን ተደግፋ እስከ ታች ወረደች። ቀስ በቀስ መሬቱ ላይ ምልክት ሲያደርጉ ደረሱባቸው። ሹፌሩ ሁሉንም አስረዳት፤ ታንከሩን፣ ፓምፑን፣ መብራቱን።

«እኔ የትም ይበቃኛል» አለች። «ለስንት ቀን ብላችሁ ነው እንዲህ የምትቸገሩት?»

ይህንኑ እንደምትል ማወቅ ነበረበት።

ሲመለሱ ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራትና ቁልቁል የሚያወርደው የውጭ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ የውሃ ጠርሙስ ብትሰጣት ከንፈሯን አርጥባ መለሰችላት።

«ጠጪ እንጂ እማዬ፣ በዚህ ፀሐይ!» አላት ሹፌሩ።

«ይቅርብኝ። ከረፈደ ውሃ አልቀምስም።»

«ለምን?»

«የምንኖርበት ቤት ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ልጄ፤ ደረጃውም አይገፋልኝም። አንተ ሥራ፣ እሷም ሥራ፤ ማንን ልጥራ? ካልጠጡ አይሄዱም።» ሳቅ አለች። «ለምጄዋለሁ።»

ሹፌሩ አፈረ። የቤቱ ፍሳሽ በየት እንደሚወርድ ሲጨነቅ ከርሞ፣ እናቱ እንዴት እንደምትውል አንድም ቀን አልጠየቀም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። አሁን ፊቷን አላዞረችም።

«ንገራቸው» አለችው።

«ጋሼ!» ብሎ ቁልቁል ተጣራ። «ወገቡ ላይ ቆፍሩት! ላይኛው የእማዬ ነው!»

«ለታችኛውስ? ፓምፕ ይግባ?»

«ይቅር! ሽንት ቤት እኛ እሷ ጋ እየወጣን እንጠቀማለን!»

«በዝናብም?»

«በዝናብም!»

እናቱ ልትቃወም አፏን ከፈተች። «ዝም በይ፣ እኛ ጉልበት አለን» አላትና ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ። ሚስቱ መጥታ ሁለቱንም ጎትታ አስነሳቻቸው።