አራተኛው ካሴትና የጋሽ ገብረየስ ጉልበት

ሐዋሳ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የከፈትኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ካንተ በፊት ሌሎች ነበሩ የሚሉ አሉ፤ እነሱ ቴሌቪዥን አስቀመጡ እንጂ ቪዲዮ ቤት አልከፈቱም። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። መሃል ከተማ ባለችው ቤቴ ፊልም ሲጀመር የሐይቁ ጉማሬዎች ሳይቀሩ ዝም ይሉ ነበር።

የዝናዬ ምንጭ አንድ ሳጥን ነው። ዳር ዳሩ ወርቅማ፣ ላዩ ላይ መርከብና ነብር የተሳለበት ጠንካራ የካርቶን ሳጥን፤ ውስጡ አራት የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል። የጠፋ ዘውድ ሲፈልግ ዓለምን የሚዞር ባለ ቀይ ሻርፕ ጀብደኛ ታሪክ ነው፤ ከክፍል አንድ እስከ ክፍል አራት። ጅቡቲ ላይ አንድ የመርከብ ካፒቴን ነው በእጁ የሰጠኝ። ከከባድ መኪና ሾፌር ገዝቶት ነው የሚሉት ሳጥን ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

የፈረንጁን ስም የጠየቀ የለም። እንደ ደንባችን «አክተሩ» ነው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ በአማርኛ የምተርከው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው ሲያንስ ከራሴ እጨምርበታለሁ።

በዚያው ዓመት ሙሉጌጥን አገኘሁ። ሐዋሳ ውስጥ እኔን የማትፈልግ ሴት አልነበረችም፤ እሺ ያለችኝ ግን እሷ ብቻ ነች። ችግሩ አባቷ ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ምሥራቅ ሰፈር የሚኖሩ፣ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው። በጉልበታቸው የተነሳ እድሩ ከድንኳን ተከላ ነፃ አድርጓቸዋል። ሌላው ካስማ ሲመታ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው «ወደ ግራ ሳቡት» ይላሉ።

ሽማግሌ ላክሁ። መሪው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጠሀ ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ጋሽ ገብረየስ መለሷቸው።

«ልጁ ጉረኛ ነው» አሉ። «ልጄን ለጉራ አልሰጥም።»

ሙሉጌጥ ግን ዘዴ አላት። «አባዬ ሥራህን አያውቀውም፤ አሳየው» አለችኝ። ቴሌቪዥኔንና የቪዲዮ ዴኬን ተሸክሜ ሳሎናቸው ገባሁ። በየእሑዱ አንድ ክፍል አሳየኋቸው። በሦስተኛው መጨረሻ አክተሩ በሻርፑ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከላይ ነብር፣ ከታች አዞ። ጋሽ ገብረየስ ከሶፋው ብድግ አሉ። ከዚያ ጉልበታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ያዝ አድርገው ተቀመጡ።

«ይሞታል?»

«አራተኛው እኔ ጋ ነው ጋሼ። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ሌላ ሰው ጋ የለም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እሑድ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና። አራተኛው ካለ መልሴን እሰጣለሁ። የሌለህን አለኝ ብለህ ከሆነ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ምን ያስፈራኛል? ካሴቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለፋሲካ ብዬ አስቀምጬው እንጂ እስከዚያ ቀን አላጫወትኩትም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀመጡ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ መክብብ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ፣ ገመዱን ሰካካልኝ። ካሴቱን ከተትኩ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «አክተሩ ገደሉ ላይ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

ስክሪኑ ላይ በአበባ ያጌጠ አውቶሞቢል መጣ።

«ዓለምን ዞሮ ዞሮ» አልኩ፣ ምላሴ ማቆም አይችልምና፣ «እነሆ እዚሁ አጠገባችን ቡሹሎ ደረሰ።»

ወደ መክብብ ዞርኩ። ጣሪያውን ያያል። ያኔ ገባኝ። ጥር ላይ ባዶ ካሴት ይጠፋል። አራተኛውን ከሳጥኔ አውጥቶ፣ እንዳይቀረጽበት የተተወችውን የጎኑን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ፣ የሰው ሠርግ ቀርጾበታል። ኋላ ባዶ ሲገኝ ለሙሽሮቹ መርጦ ገልብጦላቸው ዋናውን ሳጥኔ ውስጥ መልሶ ከቶታል።

«ይሄ ነው አራተኛው?» አሉ ጋሽ ገብረየስ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። ሙሉጌጥ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው» አሉ ጋሽ ጠሀ።

ስክሪኑ ላይ ጭፈራ ቀልጧል። ሰው ክብ ሠርቷል። መሃሉ ላይ ኮታቸውን አውልቀው፣ ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ጉራግኛውን የሚያስነኩት ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊመታ ነው።

ጋሽ ጠሀ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

«ገብረየስ።»

«አቤት።»

«ይሄ ጉልበት የማን ነው?»

«የዚያን ቀን ሻል ብሎኝ ነበር።»

«እኔ ጉራጌ ነኝ፤ እንዲህ አንስቼው አላውቅም።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄ ሠርግ በነበረበት ጥር አይደለም እንዴ የእትዬ የሺን የለቅሶ ድንኳን ፀሐይ እየመታን የተከልነው? ወንበር ላይ ሆነህ ወደ ግራ ስትለን?»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። ሙሉጌጥ ገባ አለች።

«አባዬ፣ መልስ እየጠበቁ ነው እኮ።»

ጋሽ ገብረየስ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዴኩን አዩ። «ያ ካሴት ቪዲዮ ቤትህ ሊታይ ነው?»

«የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ይታይ ነበር» አልኩ። «የአማቴን ግን ለሰው አላሳይም።»

«ሰምተሃል» አሉ ጋሽ ጠሀ።

«ይውሰዳት» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ካሴቱ ግን እዚህ ይቀራል።»

«የሠርጓን ድንኳንም አንተ ትተክላለህ» አሉ ጋሽ ጠሀ።

ተከሉ። ሻሸመኔ ድረስ የሚታይ ድንኳን ነበር። ካስማውን ሲመቱ «ወደ ግራ» ያላቸው ሰው ብዙ ነው።

የዚያን ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ግን ጋሽ ገብረየስ ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። «ገደሉ ላይ ያለውስ ሰውዬ?»

«አክተር አይሞትም ጋሼ። እነግርዎታለሁ፤ ግን ረጅም ነው።»

ይኸው በየእሑዱ ምሳ ላይ እነግራቸዋለሁ። ልጆች ወለድን፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ዲሽ መጣ፣ አክተሩ አንድ ክንድ ያህል ወጥቷል። ባለፈው እሑድም ጠየቁኝ።

«ዛሬም አልደረሰም?»

«ሊደርስ ሲል ሻርፑ ድንጋይ ያዘው።»

ጋሽ ገብረየስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሉጌጥ» አሉ፣ «እስኪ ወጥ ጨምሪለት።»