የአጎቴ የራጊብ ጥያቄ

በግብፅ፣ በከተማችን በታንታ ውስጥ የሐኪም ታፔላ ያልተንጠለጠለበት ሕንፃ የለም። እናቴ ኢንሺራህ አራተኛው የወገብ አጥንቷ ከአምስተኛው ላይ ተንሸራቶ ግራ እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ታፔላ እየጠራ ቀዶ ሐኪም መረጠልን። የእኛ ሰፈር ሰው ሐኪም የሚመርጠው እንደ ሐብሐብ ነው፤ መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ። እኔ ግን ወረቀት ነው የማየው።

ወረቀት ሥራዬ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የሕክምና ፋኩልቲው በር ላይ ያለው ፎቶኮፒ ቤት ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቹ ለፈተና የሚሸመድዱትን እኔ ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሜ አነበዋለሁ። እነሱ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል፤ እኔ አልረሳም። ከወገብ የሚወጡትን ነርቮች በቁጥር አውቃቸዋለሁ። አምስተኛው ሲጎዳ የእግር አውራ ጣት ወደ ላይ አልነሳ እንደሚልም አውቃለሁ። ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይለኛል። ለማሾፍ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነበር የምቀበለው።

እናቴ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ጀለቢያ ትሰፋለች። እግሯ ከከዳት የምትኖርበት ነገር የላትም።

አምስት ስም ጽፌ የሐኪሞች ማኅበር ቅርንጫፍ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዐዋጢፍ በመጀመሪያው ቀን ምን አገባሽ አለችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ ወንበር ሳበችልኝ። ታፔላው ላይ «ሎንዶን» የሚለው ሰውዬ ማኅደሩ ውስጥ ያለው የሦስት ቀን ስብሰባ ምስክር ወረቀት ነው። ሁለተኛው የጉልበት ሐኪም ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ቢላ ይዞ አያውቅም፤ ክኒን የሚያዝ ነው። ሁለት ስም ቀረኝ።

አንዱ ፕሮፌሰር ኑዕማን ሰንዲዩኒ ናቸው፤ ስንት ጊዜ ያባዛሁት የአከርካሪ ማስተማሪያ የእሳቸው ነው። ዶክትሬታቸው፣ ውጭ አገር ሁለት ዓመት በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና መሠልጠናቸው፣ አማካሪ ሐኪምነታቸው፣ ሁሉም በማኅተም አለ። ሌላው የመንግሥት ሆስፒታሉ ዶክተር ዋግዲ ነው። እሱን ያመጣው የእናቴ ወንድም፣ የማይክሮባስ ሾፌሩ አጎቴ ራጊብ ነው። የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ተብሎ በደንብ ተመዝግቧል፤ ግን ትምህርቱ ማስተርስ ላይ ቆሟል፣ ታፔላም የለውም።

«የመናኸሪያው ሾፌር ወገብ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የተቃናው» አለ አጎቴ።

መናኸሪያ ዲግሪ መስጠት የጀመረው መቼ ነው አልኩት። እናቴ ሳቀች። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ፕሮፌሰሩ ኤምአርአዩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አሳዩን። ስለ አምስተኛው ነርቭ ስጠይቃቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና የት ነው የተማርሽው አሉኝ። ጉንጬ በኩራት ጋለ። ይሄኔ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ አንዲት ነገር ልጠይቅ። እርስዎ ራስዎ ነዎት...»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ትልቅ ሰውን፣ ያውም በገዛ ክሊኒኩ፣ ሥራውን አንተ ነህ ወይ የምትሠራው ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። ደረጃው ላይ ደርሰን ምን ልትላቸው ነበር አልኩት።

«መኪና ውስጥ ሰው ሳስገባ እኮ የሚያሰጋኝ የባለቤትነቱ ወረቀት በማን ስም መሆኑ አይደለም። መሪውን ማን ነው የያዘው? እሱን ነው።»

«እናቴ ማይክሮባስ አይደለችም፣ አጎቴ።»

«አይደለችም» አለና እጇን ይዞ ቀስ እያለ አወረዳት።

በቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ቀን የግል ሆስፒታሉ የስምምነት ቅጽ ሰጠኝ። መስመር በመስመር አነበብኩት። ሦስተኛና አራተኛ አጥንት ብለው ጽፈዋል፤ ሰርዤ አራተኛና አምስተኛ አልኩ። ነርሷ ፊቷ ቀላ። ከታች «ፕሮፌሰሩና ቡድናቸው» የሚል አለ። ያንን መስመርም አነበብኩት። አላነበብኩትም ብዬ ብዋሽ ይሻለኝ ነበር። ቡድን ሲሉ መቀስ የሚያቀብል፣ ደም የሚጠርግ መሰለኝ። ከሥሩ ባማረ ጽሑፍ ፈረምኩ፤ ሩወይዳ፣ የኢንሺራህ ልጅ።

እናቴ ስትነቃ ወገቧ ቀሏት ነበር። ግራ እግሯ ግን ውሃ የሞላው ከረጢት መሰላት።

«አውራ ጣትሽን ወደ ራስሽ አንሺው እስኪ፣ እማዬ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ታገለች። ጣቷ እንደተኛ ቀረ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ይህን ለማወቅ ነበር ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት።

ፕሮፌሰሩ በሦስተኛው ቀን መጥተው ነርቭ ጊዜ ይፈልጋል ብለው ሄዱ። የቀዶ ጥገናውን ዘገባ እስኪሰጡኝ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ቀዶ ሐኪም» ከሚለው ፊት የእሳቸው ስም የለም፤ ሩሽዲ የሚባል ሰው ስም ነው ያለው። ፕሮፌሰሩ በዚያ ሰዓት ክሊኒካቸው ሆነው የሌላ ሰው ወገብ ያዩ ነበር። ስጠይቃቸው በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው የተሠራው፣ ሁልጊዜም አሠራራችን እንዲህ ነው አሉ። በዚህ አልዋሹም። እናቴ የተኛችበት ክፍል ያሉ አስታማሚዎች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሙን ይዤ እትዬ ዐዋጢፍ ዘንድ ሄድኩ። መዝገቡን ገለጠች።

«ሐኪም ነው፣ ፈቃድ አለው። በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተለማማጅ ነው።» ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄን ስም ምነው ያኔ ባመጣሽልኝ?»

ልትወቅሰኝ ፈልጋ አልነበረም። ለዚህ ነው የከፋኝ።

አጎቴ ራጊብ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ምላስ አለኝ፣ እመልስለት ነበር። እሱ ሰኞና ሐሙስ ከተራው እየወጣ፣ የፊት ወንበሩን ባዶ አድርጎ፣ እናቴን ወደ ፊዚዮቴራፒ ይወስዳታል። እግሯ መሬት እንዳይጎተት ጫማዋ ውስጥ ፕላስቲክ ድጋፍ አለ። የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል።

የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ በፈገግታ ተቀበለችን። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና እኔን አየኝ፤ እግሩንም ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ጠይቃት» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አንቺ ነሽ ዶክተሯ።»

አንቺው ራስሽ ነሽ የምትሠሪያት ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ተቀየመች፤ ማን ሊሠራት ኖሯል፣ እኔው ነኛ አለች። ስምሽን በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት።