ሳሪ የለበሰች ዕለት

«እማ፣ ያገባች ሴት ስትራመድ እጇን የት ነው የምታደርገው?»

ፓኪያም ዕድሜዋን ሙሉ ሳሪ ለብሳ ስትሄድ እጇ የት እንደሚሆን አስባ አታውቅም። ስለዚህ ተነስታ በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለች አሳየቻት።

ልጇ ታቫማላር የአማፂ ተዋጊዎቹን ድርጅት ከተቀላቀለች ወዲህ ሱሪና ቀበቶ እንጂ ሌላ ለብሳ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ለዕረፍት ስትመጣ ቀይ ሳሪ ለብሳ፣ ጸጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰክታ ነበር። አማፂዎቹ በሚገዙት በቫኒ አገር ተዋጊ ሴት ሳሪ ከለበሰች ተሰናብታለች፣ ልትዳር ነው ማለት ነው። ፓኪያም በደስታ አለቀሰች። ወዲያው ወደ ወንድሟ ላከች፤ በአገሩ ወግ የእህትና የወንድም ልጆች ስለሚጋቡ የእሱ ልጅ ሴልቫን ከድሮም ለታቫማላር የታሰበ ነበርና።

ታናሿ ቫሳንቲ ደጃፉ ላይ ኮኮናት እየፈቀፈቀች ሳቀች። «እታለም፣ እርምጃሽ እኮ የዘብ ነው! ሴልቫን ሙሽራ መሆኑን ረስቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጥሻል!»

«ዝም በይ፣ ምላሳም!» አለች ታቫማላር። እሷ ግን አልሳቀችም። «እማ፣ ያረገዘችስ?»

«ቀስ ብላ ነዋ፣ ወገቧን ደግፋ። አይዞሽ፣ ሲደርስ ራሱ ያስተምርሻል።»

«አሁን አሳዪኝ።»

ፓኪያም አሳየቻት። ከዚያ የሳሪውን እጥፋት ልታስተካክልላት ጎንበስ አለች።

«ከሆዴ ላይ ላላ ይበል» አለች ልጅቷ። «ኮሎምቦ መግቢያ ኬላው ላይ እርጉዝ ሴት አጥብቀው አይፈትሹም።»

የፓኪያም እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሴልቫን ያለው እዚሁ ነው፤ ሙሽራ በመንግሥት ከተማ በኮሎምቦ ምን ትሠራለች? ባለፈው ዓመት የጎረቤቷ ልጅ ፈንጂ ታጥቃ እዚያው ከተማ ሄዳ፣ የተመለሰው ፎቶግራፏ ብቻ ነበር፤ የአበባ ጉንጉን ተደርጎበት።

«አይሆንም!» ሳሪውን ጨምድዳ ያዘች። «እዚያም ልጅ አቅፈው አውቶቡስ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። አንቺም የእኔ ነሽ። አውልቂ!»

«ለዚህ ስሜን ያስመዘገብኩት ራሴ ነኝ፣ እማ። አባዬን የገደለው አውሮፕላን እናት አለች ብሎ ተመለሰ?»

«ታዲያ አንቺ አውሮፕላን ነሽ?»

ታቫማላር የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከጨርቁ አላቀቀች። ከውጭ ሊወስዳት የመጣው የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሲሰማ ፓኪያም ሮጣ የግቢው መውጫ ላይ ተጋደመች፤ ካለፍሽ በላዬ ተራምደሽ እለፊ ብላ። ልጅቷ እናቷን አልተራመደችም። በጓሮ በኩል የዘንባባውን አጥር ገልጣ ወጣች።

ታቫማላር ሄደች። ፓኪያምና ቫሳንቲ ቀሩ።