የባፈና ፈረስና አስተርጓሚው

ጠና በሆሳዕና የእንስሳት ክሊኒክ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። የሥራ መደቡ የእንስሳት ጤና ረዳት ቢሆንም ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ነበር የሚለው። በ1976 መስከረም ግን ከቡልጋሪያ ተምራ የመጣችው ወይንሸት ክሊኒኩን ተረከበች፤ ስሙም አብሮ ወደ እሷ ሄደ። አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ ሀዲይኛ አንድ ቃል አታውቅም። ጠና ከብት መያዙ ሳያንስ አስተርጓሚዋም ሆነ።

አንድ ጠዋት ባፈና የሚባል የሌሞ ገጠር ባለጋሪ ዳማ ፈረሱን እየሳበ መጣ። የፈረሱ ግራ ዓይን ነጥቷል። ጠና ሦስት ወር ሙሉ የዓይን ቅባት ሲሰጠው ቆይቷል። ወይንሸት ፈረሱን ጨለም ወዳለው በረት አስገብታ ባትሪ ከጎን አበራችበት።

«ጋሽ ጠና፣ ይዩት። ላዩ ጥርት ያለ ነው። ነጩ ያለው ከብሌኑ ኋላ ነው። እዚያ ትልቅ ባቄላ የምታህል ሌንስ አለች፤ ውስጧ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። የደፈረሰችው እሷ ነች። የዓይን ሞራ ነው፤ ቅባት አይደርስበትም።»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ዓይን እንዲህ አድርጎ መርምሮ አያውቅም፤ ያሳየውም ሰው አልነበረም። ለእሷ ቡልጋሪያ፣ ለእሱ ገመድ መያዝ!

«ቀኙም ጀምሮታል» አለች። «ከጋሪ ይፍታው። የለመደው መስክ ላይ ይዋል። ይንገሩልኝ።»

ጠና ወደ ባፈና ዞሮ በሀዲይኛ፣ «ቅባቱን አታቋርጥ፤ ይሻለዋል ብላለች» አለው።

ባፈና አመስግኖ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ ፈረሱ ከነጋሪው የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ገባ። የባፈና ክንድ ተሰበረ። የፈረሱ እግር ግን ከሁለት ቦታ ስለተሰበረ እዚያው ገደሉት።

ሰኞ ባፈና ክንዱን አስሮ ከሚስቱ ጋር መጣ። ጠና ሊተረጉም ሲነሳ ሚስቱ ትርፌ ቀደመችው። ቅቤ ነጋዴ ስለሆነች አማርኛ ትሞክራለች።

«ዶክተር፣ ቅባት ቀቡ አልሽ፤ ቀባን። ይሻለዋል አልሽ። ፈረስ ሞተ!»

«እኔ?» አለች ወይንሸት። ከዚያ ቀስ ብላ ጠናን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ ጠና፣ መጀመሪያ በሀዲይኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «እሷ ከጋሪ ይፈታ ነው ያለችው። ቀንቼባት ነው።»

«እሷን እኮ አላውቃትም» አለው ባፈና። «እኔ ያመንኩት አንተን ነው።»

ጠና በማግስቱ በቅሎውን ወስዶ ባፈና ደጅ አሰረለት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚመላለሰው በእግሩ ሆነ። ወይንሸት ነገሩን ለበላይ አልጻፈችም፤ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስብሰባም ላይ አላነሳችውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ከዘበኛው ከዋለ ጋር በር ላይ ተቀምጣ ሀዲይኛ መማር ጀመረች። ቃል ስታበላሽ ወረፋ የያዙት ገበሬዎች ይስቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ጠና ይህን በመስኮት እያየ ይቀናል፤ አስተምረኝ ብላ የጠየቀችው እሱን አይደለማ።