ሦስተኛው ጥሪ

እግሬ ባይሰበር ኖሮ ይህን ሁሉ አላይም ነበር። ጄሶ እስከ ጉልበቴ ድረስ ታስሮልኝ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ጉዳዬ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት መድረስ የማይታሰብ ነው። ያመለከትኩት ሟች እህቴ ለተወችልኝ ልጅ ሞግዚትነቴ እንዲጸድቅልኝ ነበር። ልጅቷ የጆሮዬን ጫፍ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። የሟች አባቷ ወንድም ደግሞ "የወንድሜ ልጅ ለእኔ ነው የምትገባው" ብሎ ተቃውሟል። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪም ቤት ተኝቼ ስለቀረሁ፣ ዛሬም ካልቀረብኩ መዝገቡ ይዘጋል ተብያለሁ። ከተዘጋ አጎትየው ይዟት ይሄዳል፤ ሻንጣ ሁሉ ገዝቶላታል አሉ።

መላ ያመጣችልኝ የሰፈራችን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። በአካባቢው ያሉት ሦስት ፍርድ ቤቶች በቅርቡ ተስማምተው፣ የአንዱ ባለጉዳይ ለቤቱ ከሚቀርበው ሆኖ በስክሪን እንዲቀርብ ፈቅደዋል።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል፣ እትዬ?" አለችኝ ወንበር እየሳበችልኝ።

"አንበሳውን ተዪው፤ ብቻ እኔን እንዳታሳስሪኝ" አልኳት። ሳቀች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አሮጌ መዝገብ ተከምሮባት መተላለፊያ የላትም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን የወዲያኛው ችሎት ይታያል። እኛን የሚያሳየው የእነሱ ስክሪን ከነካሜራው ከዳኛው ኋላ ስለተሰቀለ፣ የምናየው የዳኛውን ጀርባና ከፊታቸው አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ባለጉዳዮች ነው። አጎትየው ከፊት ተቀምጧል።

ስም ጠሪው ተነሣ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ የኖረ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ "አልቀረበችም" ይላል፣ በቃ፣ ያልቃል። እንደለመደው በሩን ከፍቶ ኮሪደር ወጣና ስሜን ከነአባቴ ጠራ።

"አቤት! አለሁ!" አልኩ።

ማንም ዞር አላለም።

"ድምፃችን ተዘግቷል" አለች ጸሐፊዋ ፊቷ ተለዋውጦ። "የሚከፈተው በእነሱ በኩል ነው።" ስልኳን አውጥታ ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

ሁለተኛ ጠራ። ክራንቼን አንስቼ አውለበለብኩ። ይሄኔ አጎትየው ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አየኝ! በደንብ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

ደሜ ፈላ። ዝም ካለ እኮ ልጅቷ የእሱ ናት፤ ጣቱን እንኳ ማንሳት አይጠበቅበትም። ማታ ጆሮዬን የሚፈልግ እጅ እንደማይኖር አሰብኩ። ሦስተኛው ጥሪ ከኮሪደሩ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ አፌ ያመጣልኝን ለቀቅኩት። ማን ሊሰማኝ!

"አንተ አረመኔ! አይተህ እንዳላየ ትሆናለህ? ዓይንህ ይፍሰስ!"

ጸሐፊዋ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "እትዬ! ኧረ እትዬ!"

ዓይኔን ስገልጥ ዳኛው ወደ እኔ ዞረዋል፤ እጃቸው ድምፁን ከሚከፍተው ቁልፍ ላይ ገና አልተነሣም። ስም ጠሪው "አልቀረበችም" ሊል አፉን እንደከፈተ በሩ ላይ ቀርቷል። አጎትየው ቆሟል። ለዳኛው እኔን ያሳየበት ጣቱ ገና እንደተቀሰረ ነው።

"ማንን ነው የምትራገሚው?" አሉ ዳኛው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጎትየው ጣቱን አወረደ።

"እኔን ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አለ። "ብቻ መቅረቧ ይመዝገብላት።"