አንሶላ የለበሰው ሞተር

አማቶቼ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ የጀልባ ሞተር ሦስት ዓመት ሙሉ አንሶላ ለብሶ ቆሞ ነበር። የሚስቴ እናት፣ እማማ፣ ካልሲ ያሰጡበታል፣ ያልተተኮሰ ልብስ ይከምሩበታል፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ደግሞ "ይኼ ጎረምሳ ቦታዬን ያዘው" ይሉታል። ጎረምሳ ማለታቸው ለሹፈት ነው። ሲገዛም ያገለገለ፣ ሁለት ጌታ የቀየረ ሞተር ነበር።

የገዙት ካፒቴን ናቸው፣ የሚስቴ አባት። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው እንጂ መርከብ ነድተው አያውቁም፤ በትንሽ ጀልባ ሰው ከሐይቁ ዳር ወዲያ ማዶ ሲያመላልሱ ነው ያረጁት።

ሞተሩ ጓዳ የገባው ካፒቴን ሐይቁ መሐል ራሳቸውን አዙሯቸው የወደቁ ጊዜ ነው። ከሞተሩ ማጥፊያ ሥር የምትሰካ፣ ጣት የምታህል ቀይ የላስቲክ ቁራጭ አለች። ገመድ አላት፤ ገመዱ የነጂው እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ቁራጯ ትነቀላለች፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ካፒቴን ግን ገመዱን "የጀማሪ ነው" እያሉ አስረውት አያውቁም። ስለዚህ እሳቸው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ጀልባዋ ባዶዋን ትዞራቸው ጀመር። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጧቸው። እማማ በማግስቱ ሞተሩን ጓዳ አስገብተው ቀይዋን ቁራጭ ነቀሉ፤ ያለ እሷ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም።

ዘንድሮ ሐኪሙ ካፒቴንን ድነዋል፣ ከፈለጉ ወደ ውሃዎ ይመለሱ አላቸው። እማማ ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል አሉ። ካፒቴን አልተከራከሩም። ካልሲዎቹን አንስተው አጣጥፈው አስቀመጡና አንሶላውን ገፈፉት። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ጩኸቱን ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ሱቄ ዝግ ስለሆነ ግን የሰኞ ባትሪ ያዥ ሆኜ ተሾምኩ።

ያን ዕለት እማማ ቁም ሳጥን ሲከፍቱ ቀይዋ ቁራጭ የቁልፋቸው ቀለበት ላይ ተንጠልጥላ አየኋት። እሳቸውም ማየቴን አዩ።

"አየሃት?"

"አየኋት፣ እማማ።"

"አላየሃትም።"

እኔም አላየኋትም። አማች ሆኖ የኖረ ሰው ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሰኞዎች ለጠላቴም አልመኝ። ካፒቴን እንደ ሌላው ሰው ገመድ ስበው ለማስነሳት አይጣደፉም። የተኛን ሰው በጥፊ አይቀሰቅሱትም ይላሉ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉና ይጨምሩበታል። መጀመሪያ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉና ሞተሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ታንኩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ጀሪካን ውስጥ ገለበጡት። ካርቡሬተሩን በታትነው እያንዳንዷን ቀዳዳ ጠረጉ፣ እፍ አሉባት። የማርሹ ዘይት ወተት መስሎ ሲወጣ "እሱም እንደ እኔ ውሃ ጠጥቷል" አሉና ውሃ ያስገባውን የጎማ ማሸጊያ ቀየሩ። ውሃ እየሳበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕም ክንፎቹ ባንድ ወገን ተጣመው ደርቀው ነበር፤ አዲስ ተገባለት።

ይኼ ሁሉ የሚሠራው ደጃፉ ላይ ነው፣ እማማ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት። እማማ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ይሠራሉ፣ እየሠሩም ይጎነትላሉ። አምፖል ቀይር ሲባል ወር የሚፈጅ ሰው ለብረት ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣው አሉኝ፣ ካፒቴን እንዲሰሙ ጮክ ብለው። ካፒቴን ቀና ሳይሉ ብረት አይነዘንዝም አሉ።

እኔ በመሐል አለቅሁ። ባትሪ እያበራሁ ካፒቴንን በርቱ እላለሁ፤ ከእማማ ሻይ ስቀበል ደግሞ አንገቴን እደፋለሁ። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ይሻላል፣ እሱስ ይበላል።

በመጨረሻ ሁሉም ተገጣጥሞ ሞተሩ ግቢው ውስጥ ውሃ የተሞላ በርሜል ላይ ታሰረ። ካፒቴን የማስነሻውን ገመድ እንድስብ አዘዙኝ። ሳብኩ፤ ዝም። ደግሜ ሳብኩ። ይኼ ደንበኛህ አይደለም፣ አታባብለው አሉኝ። የማይነሳ መሆኑን እያወቅሁ ክንዴ እስኪዝል ሳብኩ። ካንዴላውን አውጥተው ብረቱ ላይ አስደግፈው እንደገና አሳቡኝ፤ ብልጭታ የለም። ሽቦዎቹን ፈተሹ፣ መጋጠሚያዎቹን ጠረጉ። ማጥፊያው ጋ ሲደርሱ ዙሪያውን በጨርቅ ወልውለው ባዶዋን ቦታ አልፈዋት ሄዱ። ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም ማለት እውነት ነው ብዬ ተገረምኩ፣ እፎይም አልኩ።

በሚቀጥለውም ሰኞ ያው ሆነ። ካፒቴን ዱካ ስበው በርሜሉ አጠገብ ተቀመጡ፣ ግሪስ የጠጣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው። አንጀቴን በሉት። የመጣው ይምጣ ብዬ አፌን ስከፍት እማማ ሹራቡን ወንበሩ ላይ ጥለው ሲመጡ አየሁ። የቁልፋቸው ቀለበት እጃቸው ላይ ነው።

"የጎደለህ ይቺ ናት" አሉ። "እኔ ጋ ነች።"

"አውቃለሁ" አሉ ካፒቴን።

የያዝኩት ፒንሳ ከእጄ ወደቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይኼንን ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነቀልሻት ቀን። ቁም ሳጥኑን በከፈትሽ ቁጥር አያታለሁ።"

እማማ ተቆጡ። ታዲያ የሰው ልጅ ክንድ የሚያስገነጥሉት ለምንድን ነው፣ በቁራጯ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስነሳትን ጀልባ ነጂ ሁሉ ያውቀው የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ስለ ክንዴ የተነሳው ጥያቄ ተገቢ መሰለኝ።

"ሞተሩማ ይነሳ ነበር" አሉ ካፒቴን። "አንቺ ግን ሐይቁ ዳር ቆመሽ ማልቀስሽ አይቀርም። ሠርቼ ላሳይሽ ብዬ ነው። ወደሽ እስክትሰጪኝ።"

የእማማ ዓይን እንባ አቀረረ። "ቤንዚኑ ነው" አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ ቀይዋን ቁራጭ ከቀለበቱ አወጧት፤ ገመዷን የካፒቴን እጅ አንጓ ላይ ጠመጠሙና ደግመው ደጋግመው ቋጠሩት። ካፒቴን እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጅ ቆሙ። የጀማሪ ነው አላሉም።

ቁራጯን ቦታዋ ሰክተው ራሳቸው ሳቡ። ሞተሩ ሳል ሳል አለው፣ ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። ፓምፑ ሠርቶ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ሲወረወር ካፒቴን ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። እኔም፣ ምንም ሳልሠራ፣ ኮራሁ።

እማማ ጥቂት አዳመጡት። ከዚያ የካፒቴንን ክንድ ያዙና ወደ ኋላ ጎተቱት። ቁራጯ ተነቀለች፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ሰኞ የለፋንለት ድምፅ ጠፍቶ ግቢው ጭር ሲል ካፒቴንና እኔ ተያየን።

"ይሠራል" አሉ እማማ። ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ሲሠሩት የከረሙትን ሹራብ አነሱ፣ የተንጠለጠለችውን ክር በጥርሳቸው በጠሱና ራሳቸው ለበሱት።

"ምን ቆማችኋል? ጀልባዋ ላይ ግጠሙት እንጂ። ውሃ ላይ ሲመሽ ይበርዳል።"