ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ሴት

ደብዳቤውን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ነው፣ ፎቶግራፉ ላይ ከጀርባዬ የ1984 ካላንደር መሰቀሉ ትዝ ያለኝ። ዓመቱ 1990 ነበር።

ባለቤቴ አወቀ ከስድስት ዓመት እስር በኋላ ተፈቶ ፎቶሽን ላኪልኝ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እኔም ናይሮቢ በገባሁ ሰሞን የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ኪሎ ጨምሬያለሁ። ለፋሲካ ማግስት እደርሳለሁ ሲል ያቺን ሴት ሆኜ ልቀበለው መሮጥ ጀመርኩ።

በየማለዳው ሰፈራችንን ሳውዝ ሲን እዞረዋለሁ። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ረዳቶች ሩጪ ለማለት «ማማ፣ ኪምቢያ» እያሉ ይስቁብኛል። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ማታ ጋደም ስል ደግሞ ሞያሌ ላይ ይመልሱታል፣ ቢደርስም አይቶኝ ይመለሳል እያልኩ ሳልተኛ ይነጋል። በአምስት ሳምንት የቀነስኩት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ሳፊያ ነርስ ናት። ሩጫው ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ይረዳል፣ ልብሽንም ይጠቅማል አለችኝ። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ግን ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ያኔ ሰውነት ምግብ ምግብ ይላል፣ ስብም በሆድ ዙሪያ ይከማቻል ብላ አስረዳችኝ።

«ባዶ ሆድሽን አትሩጪ፣ እህቴ። ደግሞ ተኚ» አለችኝ።

መተኛቱ ነበር የከበደኝ።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ በቀን ይገባል የተባለው አውቶቡስ ዘገየ። ሌባ ስለምፈራ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬን እቆልፋለሁ። ያን ቀን ግን መሸ፣ አልቆለፍኩም። አንድ ሰዓት ላይ አወቀ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አሁን ዞሮ ይሄዳል አልኩ።

«ካላንደሩን አይቼዋለሁ» አለ።

ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ታማ ከስታ ነው የደበቀችኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለሽ» ብሎ ክንዴን ያዘው፤ ጭብጥ አድርጎ፣ ሙሉ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው። አጥንት የሆነው የእሱ እጅ ነበር።

ሲለየን አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጃችን ያኤል ከኋላዬ ብቅ አለች። «ዳዲ፣ ማሚ እኮ ኤቭሪ ደይ ትሮጣለች።»

«ከማን ነው የምትሸሺው?» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ የበሩን ቁልፍ ጠየቀኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከውጭ ሲቆለፍበት የኖረ ሰው፣ ከውስጥ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ቆለፈው።